ሰማይ ሲታረስ፣ ሊቅ ሲከሰስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ንጉሥ ነው። ሰማይ የገባው ለማነጻጸሪያ ብቻ ነው፤ የሰው እጅ የማይደርስበት፣ ትናንት እንደነበረ ዛሬም ያለ፣ ነገም የሚኖር ነገር ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣልን እርሱ ነውና። መንግሥት ይለወጣል፣ ወንዝ ይደርቃል፣ ደን ይመነጠራል። አያቶቻችን ከደጃቸው ቆመው ያዩዋቸው ከዋክብት ግን ዛሬም በየቦታቸው አሉ።

ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን ተረቱ በሁለት በኩል ይፈርሳል። ከዋክብት ይወለዳሉ፣ ያረጃሉ፣ ይሞታሉም። ይህን ልናውቅ የቻልነውም ንጉሥ ስለተከሰሰ ነው። ንጉሥ ስል ዘውድ የደፋውን ማለቴ አይደለም፤ በዘመኑ ቃሉ እንደ ሕግ ይቆጠር የነበረውን ሊቅ ማለቴ ነው። የከዋክብትን ሕይወትና ሞት ታሪክ ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመዋል፤ እውነቱን ቀድመው ካዩት መካከል ገና ስም ያላወጡ ወጣቶች ነበሩ። «ተሳስታችኋል» ያሏቸው ደግሞ አላዋቂዎች ሳይሆኑ የዘመኑ ታላላቅ አዋቂዎች ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የሦስት ወጣቶችን ታሪክ እንመለከታለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደት የመሰለው ሞት

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ዓለምን በጨረቃ መንገድ ለሁለት ከፍሏት ነበር። ከጨረቃ በታች ያለው ሁሉ ይወለዳል፣ ይበሰብሳል፤ ከጨረቃ በላይ ያለው ግን አይለወጥም። የአውሮፓ ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ቃል ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቀባበሉት ኖሩ።

ሰማዩ ራሱ ግን አንዳንዴ ይህን ትምህርት ያስተባብል ነበር። በ1054 ዓ.ም. በጁላይ ወር የቻይና ቤተ መንግሥት ሰማይ ጠባቂዎች ከዚያ በፊት ያልነበረ «እንግዳ ኮከብ» አይተው መዘገቡ። ኮከቡ ለ23 ቀናት ያህል ፀሐይ ወጥታ እያለ በቀን ይታይ ነበር፤ በሌሊት ደግሞ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆይቶ ጠፋ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1572፣ የ25 ዓመቱ ዴንማርካዊ ቲኮ ብራሄ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ካሲዮፒያ በሚባሉት ከዋክብት መካከል እንግዳ ብርሃን አየ። ዓይኑን ማመን አቅቶት በአካባቢው የነበሩትን ሰዎች «እናንተም ይታያችኋል?» እያለ እስኪጠይቅ ድረስ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ግን መደነቁን ትቶ መለካት ጀመረ። ብርሃኑ ከጨረቃ የቀረበ ቢሆን ኖሮ በሌሎቹ ከዋክብት መካከል ቦታውን ሲለውጥ ይታይ ነበር። አልለወጠም። እንግዲያው ነገሩ የሚገኘው አይለወጥም በተባለው በላይኛው ሰማይ ውስጥ ነው ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመት ይህንኑ ጽፎ አሳተመ።

ቲኮ «አዲስ ኮከብ» ብሎ ነበር የሰየመው። አዲስ አልነበረም። ቻይናውያንም ሆኑ ቲኮ እንደ ልደት አድርገው የመዘገቡት የአሮጌ ኮከብ ሞት ነበር። ይህን ለማወቅ ግን አስቀድሞ ኮከብ በምን እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

ፀሐይ ምን ትበላለች?

ፀሐይ ከከዋክብት አንዷ ናት፤ ለእኛ ቅርብ ስለሆነች ብቻ ትልቅ መሰለችን። ይህች ኮከብ ያለ ማቋረጥ የምታነደው ምንድን ነው? የድንጋይ ከሰል ክምር ብትሆን ኖሮ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ አመድ በሆነች ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሳይንስ የበላይ ዳኛ ይመስሉ የነበሩት ሎርድ ኬልቪን ፀሐይ ሙቀት የምታገኘው በራሷ ክብደት ቀስ በቀስ እየተጨመቀች ነው አሉ። በዚህ ስሌት የፀሐይ ዕድሜ ከጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት አይበልጥም። የመሬትን አለት የሚያጠኑና የፍጥረትን አዝጋሚ ለውጥ የሚያስተምሩ ሰዎች «ይህ ጊዜ አይበቃንም» ቢሉም የኬልቪንን ቃል ደፍሮ የሚነካ ብዙ አልነበረም።

መንገዱን ያሳዩት የካምብሪጁ ሊቅ አርተር ኤዲንግተን ናቸው። በ1920 ካርዲፍ በተደረገ ስብሰባ ላይ ባሰሙት ንግግር፣ አራት የሃይድሮጅን አቶሞች ተዋሕደው አንድ ሂሊየም ሲሆኑ ከክብደታቸው ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ እንደሚጎድል፣ የጎደለውም በአንስታይን ሕግ መሠረት ኃይል ሆኖ እንደሚወጣ፣ የከዋክብትም ምግብ ይኸው ሊሆን እንደሚችል አስረዱ። ግምታቸው ትክክል ነበር። አንባቢ እኚህን ሰው ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ላይ እንደ ተከሳሽ የምናገኛቸው እርሳቸውን ነውና፣ በመጀመሪያ ታላቅነታቸውን ማወቅ ይገባል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብለው አልዋጋም ያሉ፣ በ1919 ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ወዳለችው ፕሪንሲፔ ደሴት ሄደው የፀሐይ ግርዶሽ ፎቶግራፍ በማንሳት የአንስታይንን ትምህርት ለዓለም ያስመሰከሩ ሰው ናቸው።

ችግሩ አንድ ነበር። በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱ ሁሉ ፀሐይ የተሠራችው መሬት ከተሠራችበት ብረትና ድንጋይ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሃይድሮጅን በፀሐይ ላይ ጥቂት ከሆነ ደግሞ የኤዲንግተን ምግብ ከገበታው ላይ የለም ማለት ነው።

ቃሏን ያጠፈችው ወጣት

በ1919 ኤዲንግተን ስለ ግርዶሹ ጉዞ ካምብሪጅ ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ ከአድማጮቹ መካከል ሲሲሊያ ፔይን የምትባል የ19 ዓመት ተማሪ ነበረች። ከአዳራሹ ስትወጣ ሌላ ሰው ሆና ወጣች፤ ክፍሏ ገብታም የሰማችውን ንግግር ከሞላ ጎደል ቃል በቃል ጻፈችው። የሥነ ፈለክ ትምህርት ለመማር ቆረጠች። ካምብሪጅ ግን እስከ 1948 ድረስ ሴት አስተምሮ ዲግሪ የማይሰጥ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ስለዚህ በ1923 ውቅያኖስ ተሻግራ አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ገባች።

ሃርቫርድ ውስጥ አንድ ትልቅ ሀብት ነበር። የከዋክብት ብርሃን በብልጭልጭ መስተዋት ተሰነጣጥቆ የተነሳበት የፎቶግራፍ መስታወት በብዛት ተከማችቶ ነበር። ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ በመካከሉ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንደ ጣት አሻራ የራሱ መስመር አለው። እነዚህን መስመሮች በአነስተኛ ደመወዝ ለዓመታት እየቆጠሩና እየመደቡ ያስቀመጡት ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱም አኒ ካነን ዛሬም የምንጠቀምበትን የከዋክብት አመዳደብ ያቆመች ናት።

በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የብረት መስመር ብዙ ነው። ሊቃውንቱ «ፀሐይ የጋለች መሬት ናት» ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ፔይን ግን የሕንዱ ሳይንቲስት መግናድ ሳሃ በ1920 ያወጣውን ቀመር ይዛ ጉዳዩን እንደገና አየችው። በቀመሩ መሠረት የመስመሩን ድምቀት የሚወስነው የንጥረ ነገሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የኮከቡ ሙቀትም ጭምር ነው። አንድ ሰው በገበያ መካከል ስለጮኸ ገበያው በእርሱ ተሞልቷል አያሰኝም። ሙቀቱን አስልታ ስታጣራው ሃይድሮጅን በከዋክብት ላይ ከብረት መሰሎቹ ንጥረ ነገሮች በሚሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ አገኘችው። ሂሊየም ሁለተኛ ነበር። የቀረው ሁሉ እንደ ወጥ ጨው ነው።

ጽሑፏ ለፕሪንስተኑ ፕሮፌሰር ለሄንሪ ኖሪስ ራስል ተላከ። ራስል በአሜሪካ በዚህ ሙያ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡ ሰው ነበሩ። የሃይድሮጅኑ ነገር ፈጽሞ ሊሆን እንደማይችል ጽፈው መለሱ። የ25 ዓመቷ ወጣት ምን ታድርግ? የእርሳቸው ቃል የሥራ በር ይከፍታል፣ ይዘጋልም። በ1925 ባቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ ቁጥሩን አሰፈረችና፣ ወዲያው ይህ ውጤት እውነት ባይሆን አይቀርም የሚል ዐረፍተ ነገር አከለችበት። ያገኘችውን እውነት በገዛ ብዕሯ ሻረችው።

ከአራት ዓመት በኋላ ራስል በሌላ መንገድ ሄደው እዚያው ደረሱ። በ1929 ባወጡት ጽሑፍ የፔይንን ሥራ ቢጠቅሱም የግኝቱ ዝና ለረጅም ጊዜ ከእርሳቸው ጋር ኖረ። ፔይን ኋላ ላይ ራስልን አልወቀሰችም፤ እውነት መሆኑን እያመነችበት ለሥልጣን በማጎንበሷ የወቀሰችው ራሷን ነበር። በ1956 ሃርቫርድ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾማት፤ የትምህርት ክፍሉም ኃላፊ ሆነች። በ1979 ዓ.ም. አረፈች።

ከደመና እስከ አመድ

ሃይድሮጅኑ ከተገኘ በኋላ የከዋክብት የሕይወት ታሪክ እየጠራ መጣ። በበጋ ወራት ማታ ማታ ወደ ሰማይ ቀና ያለ ሰው ሦስት ከዋክብት በአንድ መሥመር ተደርድረው ያያል። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ መቀነት ናቸው። ከመቀነቱ ዝቅ ብሎ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። ያ ጭጋግ የከዋክብት ማሕፀን ነው። አብዛኛው ሃይድሮጅን የሆነ ቀዝቃዛ ደመና በራሱ ስበት ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ይግላል። ሙቀቱ ወደ አሥር ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሃይድሮጅኑ ወደ ሂሊየም መለወጥ ይጀምራል። ኮከብ ተወለደ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ከ2022 ወዲህ ጀምስ ዌብ የተባለው በጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ይህንኑ ልደት አቧራውን ዘልቆ እያሳየን ነው።

ከዚያ በኋላ የኮከብ ሕይወት ገመድ ጉተታ ነው። ስበት ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ከመሐል የሚወጣው ሙቀት ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለቱ እስከተመጣጠኑ ድረስ ኮከቡ ጸንቶ ይኖራል። ይህ ምግብ በምን ዓይነት ሂደት እንደሚበስል ሃንስ ቤቴ በ1939 በዝርዝር አሳዩ፤ በ1967ም ኖቤል ሽልማት አገኙበት። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ይግላል። በየሰኮንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጅን ይለወጣል፤ ከዚህም አራት ሚሊዮን ቶን የሚሆነው ብርሃንና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ ይህን ስታደርግ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል፤ ወደ አምስት ቢሊዮን የሚጠጋም ይቀራታል።

እንግዳ የሚመስለው ነገር ባለጠጋው ኮከብ ከድሃው ቀድሞ መሞቱ ነው። ብዙ ክብደት ያለው ኮከብ ብዙ ምግብ አለው፤ ነገር ግን ስበቱን ለመቋቋም እጅግ አብዝቶ ስለሚያነድ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ይጨርሰዋል። ከፀሐይ የሚያንሱት ቆጣቢዎቹ ግን ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ካለፈው ጊዜ የሚበልጥ ዕድሜ አላቸው።

ምግቡ ሲያልቅስ? እንደ ፀሐይ ያለው ኮከብ መጀመሪያ አብጦ ቀይ ግዙፍ ይሆናል፤ ከዚያ የላይ ልብሱን ወደ ጠፈር ጥሎ እምብርቱ ብቻ ይቀራል። ይህ ቀሪ እምብርት «ነጭ ድንክ» ይባላል። ክብደቱ የፀሐይን ያህል ሲሆን መጠኑ ከመሬት አይበልጥም። ከዚህ ኮከብ ላይ በቡና ሲኒ ተቀድቶ ቢመጣ ብዙ ቶን ይመዝናል። ሌላ እሳት የለውም፤ ታዲያ ስበት ለምን ጨርሶ አይጨፈልቀውም? በ1926 ራልፍ ፋውለር የተባሉት የካምብሪጅ ሊቅ፣ እጅግ የተጠጋጉ ኤሌክትሮኖች ከዚህ በላይ አንጠጋም ብለው ስለሚገፉ ነው ሲሉ መለሱ። ሁሉም ደስ አለው። ኮከብ ሁሉ በመጨረሻ ነጭ ድንክ ሆኖ በሰላም ያርፋል ተባለ።

በመርከብ ላይ የተሠራ ስሌት

በጁላይ 31 ቀን 1930 አንድ የ19 ዓመት ሕንዳዊ ወጣት ከቦምቤይ መርከብ ተሳፈረ። ስሙ ሱብራማንያን ቻንድራሴካር ይባላል። አገሩ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። እርሱም የመንግሥት የትምህርት ዕድል አግኝቶ ከፋውለር ዘንድ ለመማር ወደ ካምብሪጅ መሄዱ ነበር። መርከቡ ቀይ ባሕርን አቋርጦ በስዊዝ በኩል ወደ ቬኒስ ሲጓዝ ወጣቱ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የፋውለርን ስሌት ይመረምር ጀመር።

አንድ ነገር ጎድሎ አገኘ። ኮከቡ እየከበደ ሲሄድ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋል። እንዲህ ያለ ፍጥነት ሲመጣ የአንስታይን ሕግ ስሌት ውስጥ መግባት አለበት። ሕጉን ሲያስገባው የኤሌክትሮኖቹ ግፊት የሚጠበቅበትን ያህል አላድግ አለው። ከአንድ የክብደት ወሰን በላይ ነጭ ድንክ መቆም አይችልም። በኋላ ተስተካክሎ እንደተሰላው ይህ ወሰን የፀሐይን ክብደት 1.4 እጥፍ ያህል ነው። ሌሎችም ሰዎች በዚያው ሰሞን ወደዚህ ሐሳብ ተጠግተው ነበር፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው የተከተለው ግን እርሱ ነው። ወሰኑን ያለፈ ኮከብ ምን ይሆናል? በሰላም አያርፍም። ምን እንደሚሆን ግን በዚያን ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ወጣቱ ካምብሪጅ ገብቶ አራት ዓመት ሠራበት። በ1934 መጨረሻ ላይ ሙሉውን ስሌት በእጅ በሚዞር የሒሳብ መሣሪያ ሲያጠናቅቅ ኤዲንግተን በየጊዜው ወደ ክፍሉ እየመጡ ሥራውን ያዩ ነበር። አንድም ቀን ተቃውሞ አላሰሙም።

ጃንዋሪ 11 ቀን 1935 ለንደን ውስጥ የንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ማኅበር ተሰበሰበ። ቻንድራሴካር ሥራውን አቀረበ። ቀጥሎ ኤዲንግተን ተነሡ። የተነሡት ግን ሊያመሰግኑ አልነበረም። ያ ስሌት የቆመበት መሠረት ራሱ ስሕተት ነው አሉ። ቀጠሉናም፣ ስሌቱ እውነት ከሆነ ከባድ ኮከብ እየተጨመቀ፣ እየተጨመቀ ሄዶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ስበቱ ብርሃንን እንኳ አላስወጣ ይላል፤ እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር እንዳይሆን የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ መኖር አለበት ሲሉ ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ። ወጣቱ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አላገኘም። ሲወጣ የሚያውቁት ሰዎች እየቀረቡ ሐዘን ደረሰብህ እንደሚሉት ዓይነት አጽናኑት።

የዚህን ዕለት ነገር ደግመን ብናስበው የሚያስገርም ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዛሬ «ጥቁር ጉድጓድ» የምንለውን ነገር አጥርተው ያዩት ኤዲንግተን ነበሩ። ወጣቱ ያላለውን እርሳቸው አሉ። ትክክለኛውን መልስ በአፋቸው ተናግረው፣ በራሳቸው ቃል ሳቁበት። ሊቅ ሲሳሳት እንዲህ ነው፤ ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ ሳይሆን፣ በሚገባ ገብቶት ሳለ «አይሆንም» ስለሚል ነው።

ቻንድራሴካር ኮፐንሃገን ከኒልስ ቦር ዘንድ ይሠራ ለነበረ ወዳጁ ጻፈ። ቦርም ሆኑ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ኤዲንግተን እንደተሳሳቱ አልተጠራጠሩም። ይህን በአደባባይ እንዲናገሩለት ሲለምን ግን ማንም በታላቁ ሰው ላይ ድምፁን ማሰማት አልወደደም። እውነቱን የሚያውቁ ነበሩ፤ የጠፋው የሚመሰክር ነው። የቆዳው ቀለምና የቅኝ ተገዥነቱ ጉዳይ በዚህ ውስጥ ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል።

ወጣቱ እንግሊዝን ትቶ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1939 የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ደመደመና የምርምር መስኩን ለወጠ። ኤዲንግተንን ግን አልጠላም፤ ደብዳቤ መጻጻፋቸውም አልቀረም። በ1944 ኤዲንግተን ሲሞቱ ቺካጎ ውስጥ ተነሥቶ ስለ ታላቅነታቸው የተናገረው እርሱ ነበር።

በወረቀት ላይ የታየ ጭረት

ዝምታው ዋጋ አስከፈለ። በ1934 ቫልተር ባደና ፍሪትዝ ዝቪኪ፣ ከባድ ኮከብ ሲፈነዳ ከኒውትሮን ብቻ የተሠራ ቅሪት ሳይተው አይቀርም ብለው ጽፈው ነበር። በ1939 ሮበርት ኦፐንሃይመርና አንድ ተማሪያቸው፣ እጅግ የከበደ ኮከብ በራሱ ላይ ተደርምሶ ከዓይን እንደሚሰወር በስሌት አሳዩ። ጦርነቱም ስለመጣ፣ ጆሮም ስላልነበረ፣ ነገሩ ለሃያ ዓመታት ያህል በመደርደሪያ ላይ ተኛ።

የቀሰቀሰችው ሌላ ወጣት ናት። ጆስሊን ቤል የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ ስትሆን ካምብሪጅ በአንቶኒ ሂዊሽ ሥር ለዶክትሬት ትማር ነበር። ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ የሚቀበለውን መሣሪያ እንጨት እየተከለችና ሽቦ እየዘረጋች ከሌሎች ጋር ሠራችው። መሣሪያው በቀን 30 ሜትር ያህል ወረቀት ላይ መስመር ይጥላል፤ ያን ሁሉ በዓይኗ የምታነበው እርሷ ናት። በ1967 ከወረቀቱ ላይ ከግማሽ ሳንቲሜትር የማይበልጥ አንድ የማይገባ ጭረት አየች። ብዙ ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እርሷ ግን ያው ጭረት ከዚያው የሰማይ ክፍል ሲደጋገም አስተዋለች። ወረቀቱን አፍጥነው ሲያስሮጡት ምልክቱ እንደ ልብ ትርታ በየ1.3 ሰኮንዱ የሚመታ ሆነ። አለቃዋ መጀመሪያ የሰው ሥራ ነው አሉ። ከሌላ ዓለም ፍጡራን የመጣ እንደሆነስ ተብሎም ለቀልድ ያህል ስም ወጣለት። እርሷ ከሌላ የሰማይ አቅጣጫ ሁለተኛውን ስታገኝ ግን ቀልዱ አበቃ።

የሞቱ ከዋክብት ነበሩ። ወርዳቸው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ክብደታቸው ከፀሐይ የሚበልጥ፣ እንደ እንዝርት የሚሽከረከሩ የኒውትሮን ከዋክብት። በ1968 ቻይናውያን በ1054 ባዩት እንግዳ ኮከብ ቦታ፣ በቀረው የጋዝ ደመና መካከል፣ በሰኮንድ 30 ጊዜ የሚዞር አንድ ሌላ ተገኘ። ከ900 ዓመት በላይ በኋላ የእንግዳው ኮከብ አስከሬን ታወቀ።

በ1974 ለዚህ ግኝት የተሰጠው የኖቤል ሽልማት ለሂዊሽ ሆነ፤ ማርቲን ራይል የተባሉ ባልደረባቸውም በሌላ ሥራቸው ተካፈሉት። የጆስሊን ቤል ስም አልተጠራም። ታላቁ የከዋክብት ተመራማሪ ፍሬድ ሆይል በአደባባይ ተቃወሙ፤ እርሷ ግን ቅሬታ አላሰማችም። በ2018 ሌላ ሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሽልማት ሲሰጣት ገንዘቡን በሙሉ የፊዚክስ ትምህርት ዕድል ለማያገኙ ተማሪዎች መርጃ አዋለችው።

እያደር የጠራው

እንግዲህ ከሦስቱ ወጣቶች አንዷ ቃሏን አጠፈች፣ አንዱ አገር ለቀቀ፣ አንዷ ተዘለለች። ሦስቱም ትክክል ነበሩ።

ቻንድራሴካር በ1983 ስለ ከዋክብት አሠራርና ለውጥ ላበረከተው ምርምር ኖቤል ተሸለመ። ያን ጊዜ 73 ዓመቱ ነበር። እስካሁን «አንተ» ስንለው የመጣነውን ወጣት ከዚህ በኋላ «አንቱ» ማለት ግድ ይለናል። በ1995 አረፉ፤ በ1999 ወደ ጠፈር የተላከ ቴሌስኮፕም በስማቸው ተጠራ። በ2015 ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲጋጩ የተነሣው የስበት ሞገድ መሬት ላይ ተለካ፤ በ2019 የአንድ ጥቁር ጉድጓድ ጥላ በምስል ታየ። እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ ይኑር የተባለው ነገር ይኸው በዓይን ታየ። ቲኮ በ1572 ያየው ብርሃንም የፈነዳ ነጭ ድንክ እንደነበረ፣ ከሩቅ አቧራ ላይ ነጥሮ ዘግይቶ የደረሰው የዚያው ብርሃን ማሚቶ በ2008 ተመርምሮ ታወቀ።

ይህን ታሪክ ሳነብ አንድ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ተረድቻለሁ። ሊቅ የተቃወመ ወጣት ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ከአንድ ቻንድራሴካር በስተጀርባ ተሳስተው የቀሩ ብዙዎች አሉ። የኤዲንግተን ጥፋት መቃወማቸው አይደለም፤ መቃወም የሳይንስ ወጉ ነው። ጥፋታቸው ማስረጃን በስም መመለሳቸው ነው። ከእርሳቸው የባሰው ደግሞ እያወቁ ዝም ያሉት ናቸው። በአዳራሹ የሳቀውን ሰው ስም ታሪክ አልመዘገበም፤ ግን ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ እውነቱ ከብዙ ዓመት በፊት በወጣ ነበር።

ከዋክብት ግን የሰውን ክርክር አይጠብቁም። በፌብሩዋሪ 1987 ከ160 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ በሚገኝ ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ አንድ ከባድ ኮከብ ሞተ። የሞቱም ምስክር ብርሃኑ ብቻ አልነበረም፤ ኒውትሪኖ የተባሉ ረቂቅ ቅንጣቶች በጃፓን ከመሬት በታች በተቀመጠ የውሃ ጋን ውስጥ ምልክታቸውን ጥለው አለፉ። እንዲህ ያለ ኮከብ በእምብርቱ ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም፣ ሂሊየምን ወደ ካርቦንና ኦክስጅን እያለ እስከ ብረት ድረስ ያበስላል። ብረት ግን አይነድም። እምብርቱ ብረት ሲሆን እሳቱ ይጠፋል፣ ገፊው ይደክማል፤ ስበት ገመዱን ባንድ ጊዜ ይነጥቃል። እምብርቱ ከሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይደረመሳል፤ የላዩ አካል ፈንድቶ ወደ ጠፈር ይበተናል። የተበተነው ከሌላ ደመና ጋር ተቀላቅሎ ለአዳዲስ ከዋክብትና ለምድሮቻቸው መሥሪያ ይሆናል።

በደማችን ያለው ብረት፣ በአጥንታችን ያለው ካልሲየም፣ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከዚያ የመጣ ነው። ፀሐይ ከመወለዷ በፊት የሞቱ ከዋክብት ባይኖሩ ኖሮ ይህን የሚጽፍም ሆነ የሚያነብ አይኖርም ነበር። ሰማዩ እየታረሰ ኖሯል፤ እኛም ከእርሻው የበቀልን ነን።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ሌላው ተረታችን ከመጀመሪያው ይሻላል። ይሁንና ንጋት በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እውነት ግን የሚመሰክርላት ሰው ትፈልጋለች። ሲሲሊያ ፔይን አራት ዓመት፣ ቻንድራሴካር ከመርከቡ ጉዞ እስከ ኖቤሉ ሃምሳ ሦስት ዓመት ጠበቁ። ያን ሁሉ ዓመት የወሰደባቸው የሰማዩ ርቀት ሳይሆን በአዳራሹ ውስጥ የነበረው ዝምታ ነው።